እየበራ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ኃይለ መስቀል በሥራ ዘመኑ ያልከፈተው የሬዲዮ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ በአንድ ፎቶ ቤትና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል በተሰነቀረች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጦ የሰው ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሯል። የታመመ ሬዲዮ ሲመጣለት ካቻቪቴ ለማንሳት አይቸኩልም። መጀመሪያ ያበራውና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል። የሚያቃስት፣ የሚንኮሻኮሽ፣ ድምፁ እየራቀ የሚመለስ፣ ሁሉም የየራሱ በሽታ እንዳለው ያውቃል። ክዳኑን ሳይከፍት በሽታውን ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም። በዚህ ምክንያት ከአስኮና ከሳንሱሲ ድረስ ሰው ይመጣለት ነበር።

ሞባይል ስልክ ሬዲዮኑንም ቴፑንም ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ሲከት ደንበኛው እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻም መንገዱ ሲሰፋ ክፍሏ ፈረሰች። ኃይለ መስቀል መሣሪያዎቹን በአንድ የብረት ሣጥን ሞልቶ ኮልፌ ቀራኒዮ ወዳለው ቤቱ ገባ። ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁለት ዓመታት እንደ ሥራ ዘመኑ ቶሎ አልሄዱለትም። ቤት ውስጥ የሚበላሽ ነገር ሲያጣ ያልተበላሸውን ይፈታ ጀመር። የበሩን ደወል ሁለት ጊዜ ፈትቶ ገጥሞታል። ባለቤቱ ዱሬቲ አይታ እንዳላየች ታልፈዋለች።

ዱሬቲ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ከአምቦ ለሥራ መጥታ አዲስ አበባ የቀረች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ስትናደድ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ በኦሮምኛ ለራሷ ታጉረመርማለች። ኃይለ መስቀል ከሃያ ዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ ከማጉረምረሟ ጥቂት ጥቂቱ ይገባዋል፤ የገባው እንዳይታወቅበት ግን ይጠነቀቃል።

ሳሎኑ ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር የእሷ ነው። ልጃቸው ኤልሻዳይ ኮሌጅ ስትገባ ተገዝቶ፣ አግብታ ሐዋሳ ስትሄድ ለእናቷ የተወችው ዕቃ ነው። ዱሬቲ ማስታወሻውንም ፈተናውንም የምትጽፈው በእሱ ላይ ነው። በዚህ ዓመት ጥር ሲገባ፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ፣ ሰዉ ሁሉ ሲፒዩ የሚለው ጥቁሩ ሣጥን ሲበራ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ኃይለ መስቀል ልክፈተው ብሎ ቢጠይቅ አልፈቀደችም። የስልሳ ጥያቄ ፈተና ጽፋ እየጨረሰች እንደሆነ፣ ሌላ ቅጂ የምታስቀምጥበትን ፍላሽ ያዋሰቻት የሥራ ባልደረባዋ እንዳልመለሰችላት፣ ፈተናው እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው፣ ከዚያ በኋላ ራሷ ባለሙያ ጋ እንደምትወስደው ነገረችው።

«ባለሙያ» የምትለዋ ቃል ኃይለ መስቀልን ወጋችው። ምሳ ሲበላም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦም አልወጣችለትም።

ሰኞ ጠዋት ዱሬቲ ወደ ሥራ እንደወጣች ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ፈታው። ውስጡ የተከማቸው አቧራ እንደ ተባዘተ ጥጥ በእጅ የሚነሳ ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያራገፈ፣ በአፉ እፍ እያለ፣ አንድ ሰዓት ያህል ጠረገው። ደስ አለው። ኮምፒውተሩ የሚያስብበት ዋናው ዕቃ፣ ፕሮሰሰር የሚሉት፣ ከላዩ ባለ ክንፍ ብረትና ማራገቢያ ተጭኖበታል። አራቱን የፕላስቲክ እግሮች እያዞረ ነቅሎ አነሳው። ከሥሩ ግራጫ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ተለጥፎ አገኘ። የዓመታት ቆሻሻ ነው ብሎ በአልኮል በነከረው ጥጥ ፈገፈገው። ብረቱ እንደ መስታወት ፊቱን እስኪያሳየው ድረስ አልተወውም። ከዚያ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ። ሦስቱ እግሮች ቀጭ ብለው ገቡ። አራተኛው ድምፅ አላሰማም፤ ጫን ሲለው ግን የገባ መሰለው።

ዱሬቲ አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ኮምፒውተሩን ከፈተች። በራ፤ የፋብሪካው ምልክት ታየ፤ ከዚያ ድርግም አለ። ደግማ አበራችው። አሁን ምልክቱ እንኳ ሳይታይ ጠፋ። ዞር ብላ ባሏን አየችው።

«ነክተኸው ነበር?»

«እኔ? መብራቱ ነው እንጂ። ዛሬ ሲዋዥቅ ነው የዋለው።»

ነገሩ ሊታመን የሚችል ነበር፤ በሰፈሩ መብራት ይዋዥቃል። ዱሬቲ ልብሷን ልትቀይር ገባች። ኃይለ መስቀልም ነገ እሷ ሳትኖር አስተካክለዋለሁ፣ ሳይታወቅ ያልፋል ብሎ ራሱን አጽናና። ከአፉ የወጣውን ውሸት ግን ቀስ በቀስ ራሱም አመነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድንገት የሚጠፋ ዕቃ ሲመጣለት ጥፋቱ ከኃይሉ ሆኖ ነው ያገኘው። ይኼስ ምን ልዩ ያደርገዋል?

ማክሰኞ ስታብላይዘሩን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ለኮምፒውተሩ ሰጠው። ሲያበራው አንድ ደቂቃ ያህል ቆየለትና ልቡ ሞቅ አለ፤ ወዲያው ድርግም። በቴስተር ሶኬቱን ለካ፤ ምንም ጉድለት የለውም። ሶኬቱን ለማንኛውም ቀየረው። ድርግም። ገመዱን ቀየረው። ድርግም። ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ደውሎ ኤልሻዳይን በወሬ መሃል ጠየቃት። እሷም ቴክኒሻን ጋ ውሰደው አለችው፤ ስለ አየሩ ሁኔታ ጥቂት አወራትና ዘጋው።

ረቡዕ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ዞረ። ይህኛው፣ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል፣ እሱ የሚያውቀው ዓይነት ዕቃ ነው። ፈታው፤ ሁለት ካፓሲተሮች፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ እንደተበላሹ ሁሉ ጫፋቸው ትንሽ አብጦ ሲያይ ደስታውን አልቻለም። ከብረት ሣጥኑ የሚስማሙ ፈልጎ፣ የድሮዎቹን አንስቶ፣ በጥንቃቄ በየዳቸው። ብየዳው ያማረ ነበር፤ እጁ አልረሳም። ገጥሞ አበራው። የፋብሪካው ምልክት ታየ። ቀጥሎ ሰማያዊው መስኮት ብቅ አለ። ኃይለ መስቀል ሁለት እጁን አጨብጭቦ ሳይጨርስ ቤቱ ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ተቋረጠ። ጥቁር መስታወት ላይ የራሱ ፊት ብቻ ቀረ።

ያን ጊዜ ደሙ ፈላ። ሬዲዮ ሲያምመው ይጮኻል፤ ቴሌቪዥን ይንቀጠቀጣል፤ ይሸታል፤ ይጨሳል። ይሄ ግን ምንም አይናገርም። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ ቢያዳምጥ ማራገቢያው ይዞራል፣ ከዚያ አይዞርም፤ ሌላ ወሬ የለም። በመዳፉ ጎኑን በጥፊ አላሰው። አንድ ነገር ግን አስተውሏል፤ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ሲያበራው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ደጋግሞ ሲያበራው ግን ዕድሜው እያጠረ ይሄዳል። ነገሩን ሲያሰላስል ቆይቶ ጠዋት መብራቱ ስለሚጠነክር ነው ብሎ ደመደመ። ሐሙስም ሲያበራና ሲጠፋበት ዋለ። ምሳውን እንኳ የበላው ቆሞ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ዱሬቲ ስትመለስ ሣጥኑ አንጀቱ ተዘርግፎ ሳሎኑን ሞልቶት አገኘችው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ አየችው። ፈተናው ነገ መግባት እንዳለበት፣ ነገ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ነፃ እንደሆኑ፣ በማለዳ አየር ጤና ይዘውት እንደሚሄዱ በአጭሩ ነገረችው። እሱ አንድ ቀን ብቻ እንድትሰጠው ለመናት። «ኃይሌ፣ ግጠመው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው የተለመደው ማጉረምረም ተሰማው፤ ከመሃሉ የለየው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም ስለ ድርቅና የሚናገር ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሣጥኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ኃይለ መስቀል ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አቀፈው። ረዳቱ ሰው እንዲጠጋለት እየጮኸ ትከሻውን ይገፋዋል፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሣጥኑ ጠርዝ ደረቱን ይወጋዋል። ዱሬቲ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ሄደች። እሱ ደግሞ ቴክኒሻኑ ምንም ባያገኝ እያለ ይመኝ ነበር። ዕቃው እንዲሠራ ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው እንዲሠራው ግን አይፈልግም። የዚህን ምኞቱን ክፋት ራሱም ያውቀዋል፤ ቢሆንም አልተወውም።

ሱቁ አየር ጤና ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሱቁ ባለቤት ኢክላስ የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሒጃቧን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። በጥሞና አዳመጠቻቸው። ዱሬቲ መብራት ሲዋዥቅ የተበላሸ መሆኑን ተናገረች፤ ኃይለ መስቀል ፓወር ሰፕላዩን እንደመረመረና ከእሱ እንዳልሆነ ጨመረ። ኢክላስ ሣጥኑን ከራሷ ስክሪን ጋር አገናኝታ አበራችውና አንድ ቁልፍ ደጋግማ ነካች። ቁጥር የሞላበት ገጽ ወጣ። ከቁጥሮቹ አንዱ ቆሞ አልጠበቃትም፤ ስድሳ፣ ሰባ አምስት፣ ዘጠና፣ ዘጠና ስምንት፤ ከዚያ ድርግም አለ።

«መብራት አይደለም» አለች ረጋ ብላ፣ «ሙቀት ነው። እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን እያጠፋ ነው።»

ሙቀት! ጠዋት ረዘም ብሎ የሚቆየው ቀዝቅዞ ስለሚያድር ነበር። ኃይለ መስቀል ይህ ሲገባው ጆሮው ጋለ። ነገሩ አራት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲነግረው ነበር።

ኢክላስ ማራገቢያውን ነቀለችው። የሚያብረቀርቀውን ብረት አይታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«እዚህ ላይ የነበረውን ቅባት ማነው የጠረገው?»

ዱሬቲ ቀና አለች። ኃይለ መስቀል ብረቱን ላለማየት ወደ በሩ ዞረ።

«ሰፈራችን አንድ ሠራተኛ አለ» አለ። «እሱ ነው መሰለኝ ያየው።»

ኢክላስ ራሷን ነቀነቀች። ቅባቱ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ላይኛው ብረት የሚያሻግር መሆኑን፣ ከተጠረገ በአዲስ መተካት እንዳለበት፣ ከአራቱ እግሮች አንዱ በደንብ እንዳልተቆለፈ ለዱሬቲ አስረዳቻት። የሥራው ጉድለት አናድዷት ስለነበር ንግግሯን አልቆጠበችም። «እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው ካቻቪቴ ባይዝ ይሻላል። በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ይመጣልኛል። ጋሼ፣ ሰውየው ማን ይባላል? የሰፈራችሁን ደንበኞች ላስጠነቅቃቸው።»

ኃይለ መስቀል አፉን ከፈተ። ስም መፍጠር የሚያቅተው ሰው አልነበረም። ግን ዱሬቲ እያየችው ነው፤ ሰፈራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ሠራተኛ እንደሌለ ታውቃለች። አላጋለጠችውም፤ አላገዘችውምም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮ ሠርቻለሁ። ቅባቱንም አውቀዋለሁ፤ በትልልቅ ትራንዚስተሮች ላይ ራሴ ስቀባው ኖሬያለሁ። የማውቀው ግን ነጭና ለስላሳ ነው። ይኼ ደርቆ፣ ጭቃ መስሎ ሳገኘው አላወቅኩትም።»

ኢክላስ ደነገጠች። ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር እንዳልተናገረች ነገራት። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። 

ኢክላስ የአተር ፍሬ የምታህል ቅባት አድርጋ፣ አራቱንም እግሮች ቆልፋ ስታበራው ቁጥሩ አርባ ምናምን ላይ ቆሞ ቀረ። ሁሉም ነገር በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አሁን ግን ኮምፒውተሩ አልጠፋም እንጂ አልተከፈተም። «በመጠገን ላይ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ ነጠብጣቦች ይሽከረከራሉ፤ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። ኢክላስ በሥራ ላይ እያለ በድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር ውስጡ ያለው ጽሑፍ እንደሚጎዳ አስረዳችና ስንት ጊዜ እንዳበራው ጠየቀችው። አልቆጠረውም። ሠላሳ ይሁን ሃምሳ አያውቅም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ሃርድ ዲስኩን አውጥታ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። የኤልሻዳይ የሠርግ ፎቶዎች አሉ። ያለፉት ዓመታት ማስታወሻዎች አሉ። የዘንድሮው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ግን ሲከፈት ትርጉም የሌለው የሳጥንና የነጥብ መዓት ሆኖ ወጣ። ኢክላስ በሌላ መንገድ ሞከረች፤ በሌላም ሞከረች። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ዱሬቲ መጻፍ በጀመረችበት ሳምንት ያስቀመጠችው ቅጂ ተገኘ። ሃያ ሁለት ጥያቄ ነበረው። ቀሪው ሠላሳ ስምንት የለም።

ዱሬቲ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደወለች። ስትመለስ እስከ ሰኞ ጠዋት እንደተፈቀደላት ለኢክላስ ነገረቻት። ለባሏ አልነገረችውም። ሃያ ሁለቱን ጥያቄዎች አሳትማ ያዘች። ሣጥኑን፣ ሲስተሙ እንደ አዲስ እንዲጫን፣ እዚያው ትተውት ወጡ።

ደረጃውን ወርደው ፌርማታው ጋ ተለያዩ። እሷ ወደ ትምህርት ቤቷ፣ እሱ ወደ ቤቱ ሄደ። ሳሎኑ ጥግ ያለውን ባዶ ጠረጴዛ ላለማየት ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። ስትመለስ የሚላትን አዘጋጅቷል፤ በቅን ልቡና እንዳደረገው፣ ሣጥኑ ሲያጓራ አላስችል እንዳለው፣ ከአሁን በኋላ የእሷን ዕቃ እንደማይነካ። ቆማ ጨርሳ ሰማችው።

«ስለነካኸው አይደለም የተናደድኩት» አለችው። «ስታጸዳው ነው የተበላሸው፤ ይሁን። አራት ቀን ሙሉ በመብራቱ ስታሳብብ ከረምክ። ሰኞ ዕለት እውነቱን ብትነግረኝ ማክሰኞ እናሠራው ነበር። ፈተናዬም አይጠፋም ነበር።»

 ፈተናውን ያጠፋው የተጠረገው ቅባት እንዳልሆነ ኃይለ መስቀል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰበውም ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያበራበትን እያንዳንዱን ጊዜ ጣቱ ቁልፉ ላይ ሆኖ ታየው። 

ቅዳሜ ጠዋት ዱሬቲ የጠፉትን ጥያቄዎች በእጇ ልትጽፍ ተቀመጠች። ኃይለ መስቀል ላግዝሽ ቢላት እምቢ አለች። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ መጽሐፉን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለትና ከምዕራፍ ሦስት ጀምሮ የየገጹን ርዕስ እንዲያነብላት ጠየቀችው። ርዕሱን ስትሰማ ከሥሩ ያወጣችው ጥያቄ ይመጣላታል። እሱ መነጽሩን አድርጎ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ ኩላሊት አነበበላት፤ እሷ ጻፈች። አንዳንዱ ቶሎ መጣላት፤ አንዳንዱ እምቢ ብሏት ብዕሯን ጥላ ተነሳች። በተነሳች ቁጥር እሱ ገጹን በጣቱ ይዞ ይጠብቃታል። እሑድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጠሉ። ሃምሳ አንድ ላይ ሲደርሱ በቃኝ አለች። አንዱን ሰርዛ ሃምሳ አደረገችው። የመጀመሪያው ፈተና ይሻል እንደነበር ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ወሰደችው፤ ኃላፊው የቀነሰበትን ምክንያት ጠይቆ ተቀበላት።

ኮምፒውተሩ ረቡዕ ተመለሰ። ይበራል፤ አይጠፋም። ኃይለ መስቀል ግን ዱሬቲ ስትከፍተው ሳሎን ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ገጹ እስኪወጣ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅና ይወጣል። ኢክላስ ሥራውን ማየት ከፈለገ ብቅ እንዲል ነግራው ነበር። አንድ ቀን እስከ ሕንፃው በር ደርሶ ተመለሰ፤ ለምን እንደተመለሰ ለራሱም በደንብ አልገባውም።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዱሬቲ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ኃይለ መስቀል ከጓዳ ወጣ። በአንድ እጁ ካውያ፣ በሌላው ካቻቪቴ ይዟል።

«ካውያውን ከፍቼው ነበር» አላት። «ደህና ነበር፤ ምንም አልሆነም። አሁን ግን አንድ ብሎን ጠፍታብኛለች።»

ዱሬቲ ካውያውን አየች፤ እሱን አየች። በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረመች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መብራቱን ከፈተችና ሶፋው ሥር ለማየት ተንበረከከች። እሱም በሌላው በኩል ተንበረከከ።